መኪናችሁም አሸንዳ አላት

ባለፈው ነሐሴ አክስቴን ይዤ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ እየወረድኩ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ሲያወርደው ያደረው ዝናብ ጠዋት ላይ አባርቷል። ጦሳ ተራራ ላይ የተጋደመው ጉም ሳይቀር ተነስቷል። ሐረጎ ላይ ከፊቴ ያለው ከባድ መኪና ቀስ ሲል እኔም ፍሬን ያዝኩ። ያኔ ከጣሪያው፣ ልክ ከመብራቱ ጎን፣ አንድ ብርጭቆ የሚሞላ ውሃ አክስቴ ነጠላ ላይ ዱብ አለ።

አክስቴ ቀና ብላ ጣሪያውን አየች። ቀጥላ በመስኮት ሰማዩን አየች። "ልጄ፣ ሰማዩ ጠርቶ መኪናህ ብቻዋን ታዘንባለች እንዴ?" አለችኝ።

ጥያቄዋ ትክክለኛው ጥያቄ ነበር። እኔ ግን ያን ቀን መልስ አልነበረኝም። ያሰብኩት ሁሉም ሰው የሚያስበውን ነው፦ የሳንሩፉ፣ ማለትም ጣሪያው ላይ ያለው የሚከፈተው መስታወት፣ ጎሚኒ አልቋል። አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። የጋራዡን ስም ተዉት። ልጁም እንደኔው አሰበና መስታወቱን ዙሪያውን ሲሊኮን ለቀለቀልኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ጠብ አላለም። ደስ አለኝ፣ ከፈልኩ፣ አመሰገንኩ። ኋላ ሳስበው ግን እነዚያን ሦስት ቀን ዝናቡም አረፍ ብሎ ነበር። በአራተኛው ቀን ዘነበ፤ የእግር ምንጣፉ ረጠበ።

ከዚያ በኋላ ነው ቁጭ ብዬ ነገሩን ከሥሩ ለማየት የሞከርኩት። የተረዳሁትን ልንገራችሁ። ሳንሩፍ ያላት መኪና ካላችሁ፣ በተለይ ደግሞ እንደኛ ተዳፋት ላይ የምትኖሩ ከሆነ፣ ከሲሊኮን ወጪ ያድናችኋል።

ውሃው መግባቱ ችግር አይደለም

የሚገርመው ነገር ይህ ነው። ሳንሩፍ ሲሠራ ጀምሮ ውሃ ጨርሶ እንዳያስገባ ተብሎ አልተሠራም። በመስታወቱ ዙሪያ ያለው ጎሚኒ ሥራው የውሃውን ብዛት መቀነስ ነው። ነፋስንና የነፋስን ድምፅ ይከለክላል። ጥቂት ውሃ ግን ሁሌም ያልፈዋል። አዲስ መኪና ላይም ያልፈዋል።

የሚያልፈው ውሃ የት ይሄዳል? የቤታችሁን ቆርቆሮ አስቡት። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይወርዳል፣ ተንሸራቶ አሸንዳው ውስጥ ይገባል፣ ከአሸንዳው በቱቦ ወደ በርሜል ይወርዳል። ሳንሩፍም እንዲሁ ነው። ከመስታወቱ በታች፣ ዙሪያውን፣ ቦይ ያለው ክፈፍ አለ። እሱ አሸንዳው ነው። በማዕዘኖቹ ላይ ቀዳዳዎች አሉ፤ በአብዛኛው አራት ናቸው። ከእያንዳንዱ ቀዳዳ አንድ ቀጭን የጎማ ወይም የፕላስቲክ ቱቦ ይነሳል። የቱቦው ውፍረት ትንሹ ጣታችሁን አያክልም።

የፊቶቹ ሁለት ቱቦዎች የፊት መስታወቱን ግራና ቀኝ በያዙት ምሰሶዎች ውስጥ ይወርዳሉ። ጫፋቸው እንደ መኪናው ዓይነት ይለያያል። አንዳንዱ የፊት በር ማጠፊያ አጠገብ ይወጣል። አንዳንዱ ፓራፋንጎው (የጎማው መሸፈኛ) ውስጥ፣ ከጎማው ኋላ፣ ይወጣል። የኋለኞቹ ደግሞ በኋላ ምሰሶዎች ወርደው የኋላ ጎማ አካባቢ ወይም ከፓራውልቱ (ከኋላ መከላከያው) በስተጀርባ ያፈሳሉ። እናንተ በዝናብ ስትነዱ፣ ከግንባራችሁ አንድ ስንዝር ርቆ፣ ውሃ በቱቦ እየወረደ ነው ማለት ነው። እስከወረደ ድረስ አታውቁትም።

ቱቦው ሲደፈን ግን አሸንዳው ይሞላል። አሸንዳው ጥልቀት የለውም። በውስጥ በኩል ያለው ከንፈሩ አጭር ነው። ሲሞላ በዚያ ከንፈር አልፎ የጣሪያው ጨርቅ ላይ ይወርዳል። ጨርቁን እያራሰ ይሄድና ቀዳዳ ሲያገኝ፣ አብዛኛውን ጊዜ መብራቱ ጋ፣ ይንጠባጠባል። ወይም በምሰሶው ውስጥ ተደብቆ ወርዶ ከእግራችሁ ሥር ይተኛል።

አሁን ለአክስቴ መልስ አለኝ። ሌሊቱን የዘነበው ውሃ አሸንዳው ውስጥ ሞልቶ አድሯል። ቁልቁለት ስንጀምር ወደ ፊት ተሰበሰበ። ፍሬን ስይዝ እንደ ተነቀነቀ ባልዲ ተገፍቶ ከንፈሩን ዘለለ። መኪናዋ የማታውን ዝናብ ነው ጠዋት ያዘነበችው።

አፍንጫዋን ወዴት አዙራችሁ አቆማችኋት?

ይህን ክፍል ደሴ ወይም ኩታበር ለሚኖር ሰው አስረዝመዋለሁ፤ ሌላው ሰው ብዙም አይጽፈውም። ደሴ ውስጥ ለጥ ያለ ማቆሚያ ማግኘት ዕድል ነው። አብዛኞቻችን መኪናችን ወይ ሽቅብ አፍጥጣ ወይ ቁልቁል አቀርቅራ ነው የምታድረው።

መኪናዋ አፍንጫዋን ወደ ላይ ካደረገች ውሃው በሙሉ ወደ ኋላ ማዕዘኖች ይሄዳል። ያኔ የፊቶቹ ቱቦዎች ቢደፈኑም ባይደፈኑም ለውጥ የለውም። አፍንጫዋን ወደ ታች ካደረገች ደግሞ ሸክሙ ሁሉ የፊቶቹ ነው። የኔ ቤት ግቢ ሽቅብ ነው። ስለዚህ ሐምሌን በሙሉ ምንም አላየሁም። አክስቴ ቤት ያደርኩ ቀን ቁልቁል አቆምኩ፤ ጉዱ ያኔ ወጣ። "አንዳንዴ ያፈሳል፣ አንዳንዴ አያፈስም" የሚል ሰው ስትሰሙ፣ ከዝናቡ ይልቅ መኪናውን የት እንዳቆመ ጠይቁት። መንገዱ ወደ ጎን ያጋደለ ከሆነም እንዲሁ ነው፤ ግራው ወይም ቀኙ ብቻውን ሸክሙን ይይዛል።

ይህ ለምርመራም ይጠቅማል። ቁልቁል ስትቆም ብቻ የምታፈስ መኪና የፊት ቱቦዋ ተደፍኗል። ሽቅብ ስትቆም ብቻ የምታፈስ የኋላው። ገና አንድ ቡሎን ሳትነኩ ግማሹን አወቃችሁት ማለት ነው።

ለመሆኑ ምን ይደፍነዋል? በበጋ አቧራ ነው። ከሚሌ በባቲ ወደ ኮምቦልቻ የመጣ ሰው መኪናው ላይ የተኛውን አቧራ ያውቀዋል። አቧራው ሳንሩፉ የሚንሸራተትበት ሐዲድ ላይ ካለው አሮጌ ግራሶ ጋር ይቀላቀላል። ከባሕር ዛፍ ሥር ወይም ከጥድ ሥር የምታቆሙ ከሆነ ደቃቅ ቅጠልና ፍሬ ይጨመርበታል። እኛ ጋ ደግሞ ክረምቱ ብቻ አይደለም፤ በልግም አለ። የበልጉ ዝናብ ያን ሁሉ አርሶ ጭቃ ያደርገዋል። ከዚያ ፀሐይ ታደርቀዋለች። ሐምሌ ሲመጣ ቱቦው ውስጥ የጠነከረ ጡብ ይጠብቀዋል። ሌላም አለ፦ በአንዳንድ መኪና የቱቦው ጫፍ ላይ የተጣበቀ ከንፈር ያለው ትንሽ ጎሚኒ ይኖራል። ሥራው ውሃ እያስወጣ አቧራና ነፍሳት እንዳይገቡ መከልከል ነው። ጭቃው ብዙ ጊዜ የሚከማቸው እዚያች ከንፈር ላይ ነው።

ግን በእርግጥ ሳንሩፉ ነው?

ሳንሩፍ ያለው ሰው መኪናው በረጠበ ቁጥር ሳንሩፉን ይጠረጥራል። ሁሌ ልክ አይደለም። ወደ ሥራው ከመግባታችሁ በፊት ሌሎቹን አጣሩ።

ዝናብ ሳይኖር፣ በሙቀት ቀን፣ ኤሲ ከፍታችሁ ስትነዱ የተሳፋሪው እግር ሥር ከረጠበ የኤሲው ውሃ ማውጫ ነው የተደፈነው። እኛ ደሴ ላይ ኤሲ ብዙም አንከፍትም፤ ወደ ኮምቦልቻ ወይም ወደ አፋር የሚመላለስ ሰው ግን ያጋጥመዋል። ውሃው ቀለም ካለው፣ ጣት ላይ ቅባት ቅባት ካለና ጣፋጭ ሽታ ካለው የራዲያተር ውሃ ነው። ከማሞቂያው ነው የሚመጣው። እሱ ሌላ በሽታ ነው፤ ሞተሩንም ያሳስበዋል። በር ሥር ብቻ ከረጠበ በሩ ውስጥ የተለጠፈው ፕላስቲክ ተልጦ ይሆናል። ጣሪያው ላይ ፖርቶመጋላ (ዕቃ መጫኛ) ያለው መኪና ደግሞ ብሎኖቹ የተበሱበት ቀዳዳ ሊያስገባ ይችላል። ጣሪያ ላይ ያለችው አንቴናም ከሥሯ ጎሚኒ አላት፤ እሷም ትሰነጠቃለች።

የሳንሩፍ ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦ የጣሪያው ጨርቅ በመብራቱ ወይም በማዕዘኖቹ ዙሪያ እንደ ሻይ ቡኒ ቀለበት ይሠራል። የምሰሶዎቹ ሽፋን ላይ ውሃ የሄደበት መስመር ይታያል። ኋላ ደግሞ ስኮርታ ጎማው የተቀመጠበት ጉድጓድ ውሃ ይይዛል። ጎማው ሥር እጃችሁን ሰዳችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ብዙ ሰው የሚያየው ጎማ የፈነዳበት ቀን ነው።

አንዲት ብርጭቆ ውሃ

ምርመራው ከሁሉም ቀላል ነው። መኪናዋን በተቻለ መጠን ለጥ ያለ ቦታ አቁሙ። ሳንሩፉን ክፈቱ። የፊት ሁለት ማዕዘኖች ላይ ቦዩን በጨርቅ ጥረጉ፤ ቀዳዳዋን ታገኟታላችሁ። አንድ የሻይ ብርጭቆ ውሃ ያዙና በቀዳዳዋ አጠገብ በቀስታ አፍስሱ። አንድ ልጅ ከታች ቁጭ ብሎ ይይ። ልጆች ይህን ሥራ ይወዱታል።

ቱቦው ንጹሕ ከሆነ ውሃው ቦዩ ላይ አይቆይም፤ ጠጣ ጠጣ ብሎ ይገባል፣ ወዲያው ከታች ይንጠባጠባል። ግራና ቀኙን አወዳድሩ። አንዱ ቶሎ ጠጥቶ ሌላው ከዘገየ የዘገየው ግማሽ ተደፍኗል ማለት ነው። ውሃው ቆሞ ከቀረ ሙሉ በሙሉ ተደፍኗል። ከቆመ ሌላ አትጨምሩ! ብዙ ካፈሰሳችሁ መኪናዋ ውስጥ ነው የሚገለበጠው። የቆመውን በጨርቅ አድርቁት።

ሦስተኛ ዓይነት መልስም አለ። ውሃው ከላይ ቶሎ ይገባል፣ ከታች ግን አይወጣም። በምትኩ ምንጣፉ ይረጥባል። ይህ መጥፎው ነው። ቱቦው ከቦታው ወልቋል ወይም ተሰንጥቋል። ስለዚህ በኋላ እመለስበታለሁ።

የኋላ ቀዳዳዎች አስቸጋሪ ናቸው። በብዙ መኪና መስታወቱ ሲከፈት እላያቸው ላይ ስለሚመጣ አይታዩም። ያኔ ሳንሩፉን ዘግታችሁ፣ መኪናዋን ሽቅብ አቁማችሁ፣ መስታወቱ ላይ ውሃ በዝግታ አፍስሱና የኋላ ጎማዎቹን አካባቢ ተመልከቱ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ይህን ምርመራ ላቫጆ ወስዳችሁ በግፊት ውሃ አታድርጉት። በዚያ ግፊት ጎሚኒው ላይ ከተተኮሰ ጤነኛውም ሳንሩፍ ያስገባል። የሌለ በሽታ ይዛችሁ ትመለሳላችሁ። ዝናብ ከላይ ይወርዳል፤ እናንተም እንደ ዝናብ አድርጉት።

ስንጠርገው

ለመጥረጊያ የሚሆነው ነገር ለስላሳ፣ የሚታጠፍና ጫፉ ስለት የሌለው መሆን አለበት። እኔ የተጠቀምኩት 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ናይለን ነው፣ የሣር ማጨጃ ማሽን ላይ የሚገባው ዓይነት። ጫፉን በክብሪት አቅልጬ ድብልብል አደረግኩት። ያኔ ቱቦውን አይቧጭርም። ብዙ ሰው የብስክሌት ፍሬን ሽቦ ይጠቀማል። ይሠራል፤ ግን ጫፉ ከተበተነ ቱቦውን ይበሳል። የግድ ከሆነ ጫፉን በፕላስተር ጠቅልሉት።

ከላይ ቀስ ብላችሁ ስደዱት። ሲቆም አትግፉ። ወደ ኋላ ሳብ፣ ወደ ፊት ገፋ፣ አዙር። የእጅ ትዕግሥት ነው። አንዳንዴ የቆመው ጭቃው ላይ ሳይሆን የቱቦው ማጠፊያ ላይ ነው። በጉልበት ከገፋችሁት ቱቦውን ከመገጣጠሚያው ታወልቁታላችሁ።

ናይለኑ ትንሽ መንገድ ሲከፍት ለብ ያለ ውሃ በጥቂት ሳሙና ይከተል። ፋርማሲ የሚሸጠው ትልቁ ስሪንጅ ለዚህ የተሠራ ይመስላል። መርፌውን ጣሉት፣ ስሪንጁን ብቻ። ቀስ ብላችሁ ግፉ። ከዚያ ጥቂት ጠብቁ፣ ጭቃው ይርስ፣ ድገሙት። ከታች መጀመሪያ ጥቁር፣ ቀጥሎ ቡና፣ በመጨረሻ ንጹሕ ውሃ ይወጣል። ከኔ የፊት ቀኝ ቱቦ የወጣው ልክ እንደ አተላ ነበር። አክስቴ አየችውና ሣቀችብኝ። ጫፉ ላይ ከንፈር ያለው ጎሚኒ ካለ ከታች ገብታችሁ በጣት ጫን ጫን አድርጉት፤ ይተፋዋል።

የፈላ ውሃ አትጠቀሙ። በረኪናም አትጨምሩ፤ የብረቱን ዕድሜ ያሳጥራል።

አሁን ወደ ጎሚስታው እንምጣ። ጎሚስታ ቤት ኮምፕረሰር አለ፣ ጥቂት ብር ሰጥቶ ማስነፋት ይቀላል፣ አይደል? ተዉት። የጎማ መንፊያ ግፊት ለዚህ ቱቦ ብዙ ነው። የተደፈነ ቱቦ ውስጥ አየር ሲተኮስ ጭቃው ካልተነሳ ቱቦው ራሱ ከላይ ካለው አፍ ይወልቃል። መውለቁን አታዩትም፣ አትሰሙትም። አሁን ውሃው ሳይደፈን በቀጥታ ጣሪያው ውስጥ ይፈስሳል። ለመመለስ የጣሪያው ጨርቅ መውረድ አለበት። ይህ ደግሞ ወንበር፣ የምሰሶ ሽፋን፣ መብራት፣ ሁሉንም መፍታት ነው። አየር ካስፈለገ የብስክሌት መንፊያ ይበቃል። ከታች ወደ ላይ ቢሆን ይሻላል። ጭቃው ወደ ቦዩ ይመለስና በጨርቅ ታነሱታላችሁ።

ሲሊኮንና ሲሊኮን

የጋራዡን ልጅ ብዙም አልወቅሰውም። ሲሊኮን ስንል ሁለት ነገር ነው የምንለው፤ ጥፋቱም ከዚህ ይመጣል። አንደኛው ማጣበቂያው ነው፣ የመታጠቢያ ቤት ዙሪያ የሚለቀለቀው። ሌላው የሲሊኮን ቅባት ነው፣ ጎሚኒ የሚያለሰልሰው። ሳንሩፍ የሚፈልገው ሁለተኛውን ነው።

ማጣበቂያው ሲለቀለቅ መስታወቱ ከጣሪያው ጋር ይጣበቃል። መኪና ደግሞ ድንጋይ አይደለችም። ጉድጓድ ላይ ስትነዱ ጣሪያው ይላወሳል። ሲሊኮኑ ከአንድ ጎን ይላቀቃል፣ ውሃው በዚያ ይገባል። አሸንዳው ግን አሁንም ድፍን ነው። አንድ ቀን ረስታችሁ የሳንሩፉን ቁልፍ ብትጫኑት ደግሞ ሞተሩ ከተጣበቀ መስታወት ጋር ይታገላል። እኔ ለማስለቀቅ ሁለት ቀን በጥፍሬ ፈገፈግኩት። ቀለሙም በሁለት ቦታ ተላጠ።

የሲሊኮን ቅባት በንጹሕ ጨርቅ ጎሚኒውን ዙሪያውን ቀባ ቀባ ነው። ከመቀባታችሁ በፊት አቧራውን በውሃና በሳሙና አንሱት። ቫዝሊን፣ የሞተር ዘይት፣ ናፍጣ አታስጠጉ። ለጊዜው ያብረቀርቁታል። ውለው አድረው ግን ጎሚኒውን ያሳብጡትና ቅርጹን ያሳጡታል።

ጎሚኒው በእርግጥ ያለቀ ከሆነስ? ይሆናል። ምልክቱ ብዙ ጊዜ ከውሃ በፊት ፉጨት ነው። ፍጥነት ስትጨምሩ ከላይ ነፋስ ያፏጫል። መፈተኛው ቀላል ነው። አንድ የአሥር ብር ኖት በመስታወቱ ጠርዝና በጎሚኒው መሀል አድርጋችሁ ሳንሩፉን ዝጉ። ከዚያ ሳቡት። ያዝ ካደረገው ደህና ነው። ያለ ምንም ትግል ሹልክ ካለ እዚያ ቦታ ላይ አይነካም። ዙሪያውን እንዲህ ሂዱ።

ከመለወጣችሁ በፊት ግን የመስታወቱን ከፍታ እዩ። በአብዛኛው መኪና መስታወቱ ሲዘጋ ከጣሪያው ጋር እኩል መሆን አለበት። ከፊት በኩል እስከ 1 ሚሊ ሜትር ዝቅ፣ ከኋላ በኩል እስከ 1 ሚሊ ሜትር ከፍ ቢል ይፈቀዳል። እንዲህ የሚደረገው ነፋሱ ጠርዙ ላይ እንዳይሰነቀር ነው። ጣታችሁን ከጣሪያው ወደ መስታወቱ ስታንሸራትቱ ይሰማችኋል። ከዚህ ከወጣ በመስታወቱ ግራና ቀኝ፣ ከሽፋኑ ሥር፣ ማስተካከያ ብሎኖች አሉ። ትንሽ ላላ፣ አስተካክል፣ አጥብቅ። አንዱን ማዕዘን ስትነኩ ሌላው ስለሚንቀሳቀስ አትቸኩሉ።

ወደ መካኒክ የሚሄደው

ቱቦው ወልቋል ወይም የአሸንዳው ማዕዘን ተሰንጥቋል ያልኩት ጉዳይ የቤት ሥራ አይደለም። የምሰሶዎቹን ሽፋን በካቻቪቴ ፈልቅቆ ማየት ያምራል። ግን በብዙ መኪኖች ላይ በጣሪያው ጠርዝ፣ ከበሮቹ በላይ፣ ታጥፎ የተቀመጠ ኤርባግ አለ። የሳንሩፉ ቱቦም ከእሱ ጎን ነው የሚያልፈው። ባትሪ ሳይነቀል፣ አሠራሩን የማያውቅ ሰው እዚያ እጁን ማስገባት የለበትም። ይህን የሚያውቅ ሰው ፈልጉ። "ቱቦው ከላይኛው አፍ ወልቋል መሰለኝ፣ ውሃ ይገባል ግን ከታች አይወጣም" ብላችሁ ንገሩት። እንዲህ ብሎ የመጣን ደንበኛ ማንም ሲሊኮን አይለቀልቅበትም።

ስለ ኤሌክትሪክ መኪኖችም አንድ ቃል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ኤሌክትሪኮቹ በዝተዋል። ከእነሱ ብዙዎቹ ጣሪያቸው ሰፊ መስታወት ነው፤ ግን አይከፈትም። የማይከፈት መስታወት አሸንዳም ቱቦም አያስፈልገውም። ተለጥፎ ነው የተቀመጠው። ካፈሰሰ ማጣበቂያው ነው፣ የመስታወት ባለሙያ ሥራ ነው። ናይለን ይዛችሁ ቀዳዳ ስትፈልጉ አትዋሉ። ምንጣፉ ሥር ውሃ ካገኛችሁና ብርቱካንማ ገመድ ካያችሁ ደግሞ እጃችሁን ሰብስቡ። ብርቱካንማው ከፍተኛ ቮልቴጅ ነው።

ማድረቁ

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። የመኪናም እንዲሁ ነው። ምንጣፉን በእጃችሁ ትዳስሱና ደርቋል ትላላችሁ። ከምንጣፉ ሥር ግን ወፍራም ስፖንጅ አለ። እሱ ብዙ ሊትር ውሃ ይዞ ለሳምንታት ይቀመጣል። ጠዋት ጠዋት መስታወቱ ከውስጥ ጉም ከለበሰና መኪናዋ የረጠበ ጆንያ ከሸተተች ስፖንጁ አልደረቀም። ችግሩ ሽታው ብቻ አይደለም። በብዙ መኪና ከወንበር ሥርና ከእግር አጠገብ የሽቦ መገጣጠሚያዎች፣ አንዳንዴም ኮምፒውተሮች አሉ። መገጣጠሚያው አረንጓዴ ዝገት ሲይዝ በሩ ራሱን መቆለፍ ይጀምራል፣ መብራት ያለ ምክንያት ይበራል፣ ኤሌክትሪሺያኑም ግራ ይገባዋል።

ስለዚህ ምንጣፉን አንሱት። ቢያንስ ጠርዙን አንስታችሁ ከሥሩ እንጨት ወይም ጠርሙስ ደግፉበት፣ አየር ይግባ። ስፖንጁን በደረቅ ፎጣ እየተጫናችሁ ምጠጡት። ስኮርታው ጉድጓድ ሥር የጎማ ውታፍ ካለ ንቀሉና ውሃውን አስወጡ፤ መልሳችሁ መክተት አትርሱ። በነሐሴ ደሴ ላይ ፀሐይ መጠበቅ ግን ከንቱ ነው። እኔ ያደረግኩትን ልንገራችሁ። ኮምቦልቻ ከኛ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች፤ ሙቀቱም የተለየ ነው። ዝናብ ያረፈ ቀን ወርጄ፣ አራቱንም በር ከፍቼ፣ ሁለት ሰዓት ቡና ስጠጣ ዋልኩ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ በበረካው ምንጣፉ ደረቀ። ስፖንጁ ሌላ ሁለት ጉዞ ፈለገ።

አሁን በዓመት ሁለት ጊዜ በብርጭቆ እፈትሻለሁ፤ አንዴ ጥር ላይ በልጉ ሳይገባ፣ አንዴ ሰኔ ላይ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። የኔ ሦስቱ ቱቦዎች ቶሎ ይጠጣሉ። የኋላ ቀኙ ግን እስካሁን ዘግየት ይላል። ጫፉ ከፓራውልቱ ጀርባ ስለሆነ አልደረስኩበትም፤ ፓራውልቱን የሚፈታልኝ ሰው ቅዳሜ ቀጥሬያለሁ። እስከዚያ ግቢዬ ውስጥ አዙሬ፣ አፍንጫዋን ወደ ታች አድርጌ አቆማታለሁ።